ብረት የማይነካው የግድቡ ጫፍ

ዘንድሮ ጡረታ ያስወጣኝ ዕድሜዬ ሳይሆን ጥርሴ ነው። የሚስቅ ይሳቅ። የላይኛው የፊት ጥርሶቼ ሲነቀሉ ሐኪሙ፣ የአገሬ ልጅ ነው፣ «አባባ፣ ምን ሲነክሱ ኖረው ነው እንዲህ የተሸራረፉት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ግድብ» አልኩት። ማደንዘዣው ያስቀባጠረኝ መስሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

እውነቴን ነበር። ከጁባ ወደ ምዕራብ ወጥቶ ጀበል ኩጁርን ዞሮ ለሚሄድ ሰው፣ ከኮረብታው ጀርባ አንድ የአፈር ግድብ አለ። ትልቅ አይደለም፤ በአንደኛው ጫፍ ቆሞ የተጣራ ሰው በሌላኛው ጫፍ ይሰማል። በጋ ገብቶ በዙሪያው ያለው ፈፋ ሁሉ አሸዋ ሲሆን ግን አጋዘኑም ከርከሮውም ጎሹም ሌላ የሚጠጣበት የለውም። የዱር እንስሳት ፕሮጀክቱ ግድቡን የያዘው ለዚህ ነው። ጤናውን የጠበቅኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አሁን ሰውነቱ ውስጥ ቱቦ ተተክሎለት የውሃው ግፊት በስልክ ይነበባል። ጥሩ ነገር ነው፤ ቱቦዎቹ የት የት እንደሚተከሉ ያሳየሁትም እኔው ነኝ።

ዲፕሎማ የለኝም። ስድስተኛ ክፍል ሳልጨርስ ወሎ ውስጥ በአንድ የኩሬ ሥራ ላይ ውሃ አመላላሽ ሆኜ ገባሁ። ሌሎቹ አፈር ሲሸከሙ እኔ አፈር አነብ ነበር። ዋልካ አፈር በመዳፍህ አርሰህ እንደ ትል ስታንከባልለው፣ ከዚያም እንደ ቀለበት ስታጥፈው ካልተሰነጠቀ ውሃ ይይዛል፤ ከተሰነጠቀ ለቤት ምርጊት ስጠው። ጨብጠኸው ስትለቀው የጣትህን አሻራ ይዞ ከቀረ እርጥበቱ ለመጠቅጠቅ ደርሷል፤ መዳፍህን ካቆሸሸ በዝቷል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። እንግሊዝኛን እንኳ ከቅባት ቆርቆሮ ላይ ፊደል እየለቀምኩ ነው የተማርኩት። ከውሃ አመላላሽነት ወደ ሮለር ነጂነት ስሸጋገር ኢንጂነሩ ራሱ «ደምሴ ከነዳ እኔ አልለካም» ብሏል።

ጁባ የመጣሁት ከአንድ መንገድ ሠሪ ድርጅት ጋር ነው። ጦርነቱ ሲነሳ ድርጅቱ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ፤ እኔ ቀረሁ። ኮሎሎ በሚባል የጁባ ሰፈር ጄኔሬተር ስጠግን ቆየሁና የዱር እንስሳት ፕሮጀክቱ አፈር የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ ተጠራሁ። ደመወዙ አንዳንድ ወር ይመጣል፣ አንዳንድ ወር ወሬው ብቻ ይመጣል። ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

የመጀመሪያው አለቃዬ ውበት የሚወድ ሰው ነበር። በግድቡ ጀርባ ላይ ችግኝ አስተከለ። «ጌታዬ፣ ዛፍ ሲሞት ሥሩ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ቧንቧ ነው» አልኩት። አልሰማኝም። ችግኞቹን ነቅዬ ከቢሮው በር ፊት ለፊት ተከልኩለት። አበደ፣ ጮኸ፣ በኋላ ግን ጥላቸው ሥር ወንበር አውጥቶ ሲቀመጥ አየሁት።

ምዜ ዋኒን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። ምዜ እዚህ አገር ሽማግሌ የሚከበርበት መጠሪያ ነው። የዚያው የኮረብታው ተወላጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ጀበል ላይ ድንጋይ በፈንጂ ሲያፈርሱ ጆሯቸው ጠፍቷል። ደንቆሮ ስለሆኑ የሚናገሩት በጩኸት ነው። አጠገባቸው ያለውን ሰው ሰላም ሲሉት ማዶ ያለው ይመልስላቸዋል።

በመጀመሪያው ቀን ግድቡን ከዳር እስከ ዳር ተመላለስኩበትና «ጤነኛ ነው» ብዬ ፈረድኩ። ምዜ ዋኒ ከንፈሬን አንብበው ኖሮ ሳቁና በአገሩ ዓረብኛ ጠሩኝ፤ «ያ» ማለት «አንተ» ነው።

«ያ ሐበሻ! በጫማ ነው እንዴ ሐኪም የምትሆነው?»

ጫማቸውን አወለቁ። ከውሃው በተቃራኒ ባለው ደረቅ ፊት ላይ በባዶ እግር ቀስ ብለው ሄዱ፤ ውስጡን ውሃ የሚሄድበት መሬት ለእግር ይቀዘቅዛልና። አንድ ቦታ ቆሙ። በጨርቅ የተጠቀለለ ቀጭን ፌሮ ነበራቸው፤ ጫፉን ቀጥቃጭ አሹሎላቸዋል። ክንድ የሚያህለውን ወደ አፈሩ ሰደዱት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የብረቱን ሌላ ጫፍ በፊት ጥርሳቸው ነከሱ፣ ሁለቱንም ጆሯቸውን በጣታቸው ደፈኑ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደንቆሮ ሰው ጆሮውን ሲደፍን ማየት ያስቃል። እኔም ሳቅኩ። ቀና ብለው «እዚህ ቆፍር» አሉኝ። ስቆፍር የጃርት ዋሻ አገኘሁ፤ ግድቡን እስከ እኩሌታው ሰርስሮታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪ ሆንኩ። ፈጣን ተማሪ ነበርኩ፤ ምዜ ራሳቸው መስክረዋል።

ጥርስ ይሰማል። ብረቱን ጠበቅ አታደርገውም፤ ዳቦ ሊቆርስ ያለ ሰው እንደሚይዘው ነው የምትይዘው፣ ከንፈር ሳይነካው። መጀመሪያ የምትሰማው የራስህን ደም ነው። እሱን ታሳልፈዋለህ። ከሥሩ ምንም ከሌለ ግድቡ ጤነኛ ነው። ነጠላ ከነጠላ ጋር ሲታሽ የሚመስል ድምፅ ከመጣ ውሃ እየሰረገ ነው፤ ለአፈር ግድብ ይህ ላብ ነው፣ አይገድለውም። ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ቆሎ ሲቆረጥም የሚመስል ድምፅ ከመጣ ግን ውሃው አፈሩን ይዞ እየሄደ ነው። ያን ቀን አትቀመጥ።

ምዜ ዋኒ ልማዳቸው ብዙ ነበር። ግድቡ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ውሃውን በቋንቋቸው ሰላም ይሉታል፤ መልሱን እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ይቆማሉ። ለውሃው ጀርባቸውን ሰጥተው አይቀመጡም። ግድቡ ላይ ያ ሁሉ ጩኸታቸው ይጠፋል፤ በእጅ ብቻ ነው የሚያናግሩኝ። በግራው ጫፍ ደግሞ፣ አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ ያለበት ጉብታ ከግድቡ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ብረት አያስነኩም። ሣሩ የሚነጨው በእጅ ነው። ዲጅኖ አይገባም፣ አካፋ አይገባም፣ ፌሮም አይገባም።

አያታቸው እዚያ ተቀብረዋል። የዝናብ አባት ነበሩ፤ ደመናው ሲጠፋ አገሩ የሚለምነው እሳቸውን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ዝናቡ አብሮት እንዳይወጣ ጆሮው፣ አፍንጫውና አፉ ተደፍኖ ነው የሚቀበረው። ግድቡን የሠሩት የድሮ ሰዎች ይህን አላወቁም፤ ወይም አልጠየቁም። የግድቡን ጫፍ ወስደው የመቃብሩ ትከሻ ላይ አሳረፉት።

«ቀዳዳ መድፈን የቤተሰባችን ሥራ ነው» ይሉኝ ነበር ምዜ ዋኒ እየሳቁ።

እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ነገር ግን ብረቱን ነክሰው፣ ጆሯቸውን ደፍነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ስመለከታቸው አንዳንዴ ሳቄ ይጠፋል። ተራዬ ደርሶ እኔም እንደዚያው ስሆን ውሃው የሚመለከተኝ ይመስለኛል። በግራው ጫፍ በኩል ያለውን ሕግ ጠበቅኩ። ሰው አገር ተቀምጬ የሰው መቃብር አልወጋም።

ምዜ አርጅተው ቤት ሲውሉ ፌሮው ለእኔ ተላለፈ። ከዚያ ንያቦል አለቃችን ሆና መጣች። ኑዌር ናት፤ ጋምቤላ ተሰድዳ አድጋ፣ አዲስ አበባ ተምራ፣ አገሯ የተመለሰች ልጅ። አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል ለማለት አልደፍርም እንጂ ቅርብ ነው። ካሜራዎችን በየዛፉ ግንድ ላይ አሰረች፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያልፍ ራሳቸው ያነሳሉ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ውሃው እስከ አፉ ሞልቶ ሳለ፣ ቢሮ አስጠራችኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይሄን ይዩልኝ።»

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረች። ውሃ፣ ደንገል፣ ውሃ፣ ደንገል።

«ምኑን ነው የማየው? ምንም የለም።»

«እኮ! ምንም በሌለበት ካሜራው ለምን ያነሳል? ከግራው ጫፍ የሚመጣው በሙሉ እንዲህ ነው። አንድ ወፍ እንኳ የለበትም።»

«ነፋስ ነዋ። ሣር ሲወዛወዝ ያነሳል ያልሽኝ አንቺው አይደለሽም?»

«በነፋስ ቢሆን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይል ነበር። ደንገሉን ልብ ይበሉት።»

ልብ አልኩት። በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ደንገሉ አንገቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ደፍቷል፤ ወደ ግድቡ፣ ወደ ሮቃው። የሚያዳምጥ ሕዝብ ይመስላል።

«አዞ ገብቶ ይሆናል» አልኩ።

«አዞ ደንገል ያስተኛል እንዴ ጋሼ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ቀትር ላይ ሄድኩ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ናት፣ ነፋስ የለም። ሌላ ጊዜ እንቁራሪቱ ጆሮ ያደነቁራል፤ ያን ቀን በቀኝ በኩል ይጮሃል፣ ወደ ግራ ስሄድ እየሳሳ መጥቶ ከሮቃው ሥር ስደርስ ጭራሹን የለም። ጭቃው ላይ ኮቴ ሞልቷል። የአጋዘን፣ የከርከሮ፣ የጎሽ። ሁሉም እየተራመዱ መጥተዋል፤ ከውሃው ትንሽ ሲቀራቸው ቆመዋል፤ ዞረው ሄደዋል። አንዱም አልጠጣም። የቆሙበት ቦታ መስመር ሠርቷል፤ አንድ ሰው በገመድ የለካው ይመስል ትልቁም ትንሹም እዚያች ላይ ነው የቆመው። ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ግን የእኔም እግር ቆመ።

በዚህ መሃል ከታች በኩል የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«ያ ሐበሻ! ምንጫችንን ምን አደረግህብን?»

ኬጂ ነበረች። ከግድቡ በታች ባለው ደረቅ ፈፋ ውስጥ ከስደት የተመለሱ ሰዎች ጎጆ ቀልሰው ፍየል ያረባሉ፤ እሷም ከነሱ አንዷ ናት። ምላሷ ሹል ነው። ጀሪካን ተሸክማ ሽቅብ መጣች።

«የምን ምንጭ?» አልኳት።

«እግዜር የሰጠን ነዋ! ክረምቱን ሙሉ ከጎጆዬ ጀርባ ሲፈልቅ ከረመ። እንደ መስታወት ነበር። ዛሬ ጠዋት ሻይ ሆነ። እንግዳ ቢመጣ ስኳር ብቻ ነው የሚጎድለኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለአንተ ነግሬህ እንድትደፍነው? ያገኘኸውን ቀዳዳ ሁሉ ትደፍናለህ ይሉሃል።»

ከጀሪካኗ በእፍኜ ተቀብዬ ቀመስኩት። ዋልካ ነው። ከጥርሴ ሥር አሸዋ የለውም፤ ለስላሳ፣ የታወቀ። በየዓመቱ ስጠግነው በገዛ እጄ ያራስኩትን፣ በገዛ ሮለሬ የጠቀጠቅኩትን አፈር ቀመስኩ። ጥርት ያለ ውሃ ላብ ነው፤ የደፈረሰ ደም ነው። ግድቤ እየደማ ነበር፣ ቀዳዳው ደግሞ አፉን የከፈተው በሰዎቹ ቤት ጓሮ ነው።

ፌሮዬን ይዤ ደረቁን ፊት ከቀኝ ጀመርኩ። ዝም። መሃል ላይ ዝም። ወደ ግራ ስጠጋ ቆሎ የሚቆረጥመው ሰው መጣ፤ መጀመሪያ ሩቅ፣ ቀጥሎ ማዶ፣ ቀጥሎ አጠገብ። ብረት እንድነካ የተፈቀደልኝ የመጨረሻ ቦታ ላይ ስነክስ ድምፁ ከራሴ መንጋጋ የሚወጣ መሰለኝና ጥርሴን አላቀቅኩ። ውሃው የሚሄድበትን ጥልቀት ካላወቅኩ የት እንደምደፍን አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን የዝናብ አባት ነው።

ንያቦል መኪና ልካ ምዜ ዋኒን አስመጣች። ሮቃው ሥር ተቀመጡ፣ እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ለውሃው ሰጥተው። ነገሩን በእጄም በአፌም አስረዳኋቸው።

«አይሆንም!» አሉ። ጩኸታቸው ከኮረብታው ተመለሰ።

ንያቦል ከፊታቸው ተንበረከከች፤ ከንፈሯን እንዲያነቡ።

«አባቴ፣ ከታች ልጆች አሉ።»

«አንቺስ የአያትሽን ደረት በብረት ትወጊያለሽ?»

«አያቴ የት እንደተቀበሩ አላውቅም» አለች። «እየሸሸን ነበር። እነዚያም ከታች ያሉት እንደኔው ሸሽተው የተመለሱ ናቸው። ከሁላችንም የአያታቸውን መቃብር የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ምዜ ዋኒ እጃቸውን ዘረጉልኝና ፌሮውን ሰጠኋቸው። ውሃው ውስጥ አጠቡት። ጫማቸውን አወለቁ። ለመቃብሩ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናግረው፣ የሚሰማ ሰው ይመስል ጠበቁ። ከዚያ ጫፉን አፈሩ ላይ አሳረፉት።

አፈር ብረትን ይታገላል። እኔ የማውቀው አፈር ሁሉ ይታገላል። ያኛው አልታገለም። ፌሮው ገንፎ ውስጥ እንደገባ ማንኪያ ገባ፣ ከዚያም ከእጃቸው አምልጦ በራሱ ወረደ፤ ጨርቁ ባይዘው ኖሮ ይጠፋ ነበር። ጎንበስ ብለው ነከሱት። ጆሯቸውን ደፈኑ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆዩ። ጉንጫቸው ይርገበገብ ጀመር፤ እያኘኩ ይመስል ነበር፣ ግን መንጋጋቸው አይንቀሳቀስም።

ቀና ሲሉ፣ ባወቅኳቸው ዘመን ሁሉ ሲጮሁ የኖሩት ሰው፣ በሹክሹክታ ተናገሩ።

«የለም።»

«ማን?» አልኩ።

«አያቴ። ቤቱ ባዶ ነው። ውሃው ገብቶ ይዞት ወጥቷል።»

ዓይናቸው የኬጂ ጀሪካን ላይ አረፈ። ክዳኑ ክፍት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጥድፊያ ነው። ሠራተኞቹን በቀኝ ጫፍ ወዳለው ማስተንፈሻ ላክኳቸው፤ ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን አፍ ዝቅ አድርገው ቢቆርጡት ውሃው በድንጋዩ በኩል ዞሮ፣ ጎጆዎቹን ሳይነካ ይወርዳል። እኔ መግቢያውን ልደፍን ገባሁ። ዋልካ የሞላ ጆንያ፣ እሾህ የታሰረበት፣ ደንገሉ ከሚያጎነብስበት ቦታ ላይ ጣልን። ዋጠው። ሌላ ጣልን። ዋጠው። ውሃው ላይ ጨረቃ የምታህል ክብ ትዞራለች፤ ጆንያው ሲደርስባት ሰው ምራቁን እንደሚውጥ ትንሽ ጠለቅ ትላለች፣ መልሳ ትዘጋለች። ድምፅ የላትም። የያዝነውን ሁሉ በላችው። ከታች የጆንያው ቃጫ በኬጂ ምንጭ መውጣት ጀመረ ብለው ጠሩኝ። ያን ጊዜ ግድቡ እንደማይድን ገባኝ። በዕድሜዬ ያን ያህል አፈር አሸንፎኝ አያውቅም።

የቀረው ሰዎቹን ማስነሳት ነበር። ንያቦል ወረደች። ከላይ ሆኜ እሰማለሁ።

«ውሃ ባገኘን ማግስት ልታስነሱን?» ይላል አንድ ሰውዬ። «መሬቱን ለማን ሸጣችሁት?»

«ማንም አልሸጠም! ግድቡ ሊፈርስ ነው!»

«እንዲህ ብላችሁ ነው ሁሌ የምታስነሱን። ትናንትም ሊፈርስ ነበር፣ ነገም ሊፈርስ ነው። ኸላስ፣ በቃ፣ ሰልችቶናል!»

አልፈረድኩባቸውም። ጁባ ውስጥ ሰው ከመሬቱ የሚነሳው ሁልጊዜ ለገዛ ጥቅሙ ተብሎ ነው። እኔ ወርጄ ስለ አፈር ስርገት ባስረዳ ደግሞ ማን ይሰማኛል? ስንት ያስደነቀ ዕውቀት ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

የወረዱት ምዜ ዋኒ ናቸው። በባዶ እግር፣ ፌሮውን እንደ ምርኩዝ ይዘው። ከጎጆዎቹ መሃል ሲደርሱ አልጮሁም። በዚያው ሹክሹክታ ነበር የተናገሩት፤ ሰዉ ለመስማት ጸጥ ማለት ግድ ሆነበት። የማን ልጅ እንደሆኑ፣ አያታቸው ማን እንደነበሩ፣ የት እንደተቀበሩ ተናገሩ። አብዛኞቹ ስሙን ከወላጆቻቸው ሰምተውታል።

«ክረምቱን ሙሉ ጠጣችሁት» አሉ። «አሁን የቀረው ዝናቡ ነው። ሊፈልገው እየመጣ ነው።»

ኬጂ ጀሪካኗን ደፋችው። ውሃው ሲፈስ ወደ ኋላ ሸሸችለት። ከዚያ ልጇን አንስታ አዘለች፣ ወደ ኮረብታው መውጣት ጀመረች። ያ የሚከራከረው ሰውዬ ፍየሉን ፈታ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልሮጠም። ከቀብር እንደሚመለስ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ ግድቡ ሄደ። እንደ ነጎድጓድ ይፈነዳል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልፈነዳም። ሮቃው ቆሞ እንዳለ ዝቅ ማለት ጀመረ። አልተጋደመም፤ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ቀጥ ብሎ ወረደ፣ ግንዱ ጠፋ፣ ቅርንጫፉ ጠፋ፣ ጫፉ ላይ ያሉት ቅጠሎች ትንሽ ቆዩና እነሱም ወረዱ። ከዚያ ነው ውሃው በዚያው ጉድጓድ የመጣው። ጎጆዎቹ የነበሩበት ፈፋ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ከኮረብታው ላይ ሆነን አየነው። አንድም ሰው አልሞተም። ስለ ራሴ ግድቦች ስናገር ይህን ሁልጊዜ እናገራለሁ፤ የእኔ ግድብ ሰው ገድሎ አያውቅም።

እንስሳቱን ግን አላዳንኳቸውም። የዚያን ዓመት በጋ በየቀኑ ይመጡ ነበር። ኩሬው ወለል ላይ የቀረች ጭቃ ነበረች፤ ወደ እሷ አይወርዱም። የድሮው ውሃ ዳር በነበረበት ላይ ዙሪያውን ይቆማሉ፣ አጋዘኑ ከከርከሮው አጠገብ፣ ጎሹ ከአጋዘኑ አጠገብ፣ ፊታቸውን ወደ መሃል አድርገው። ቆመው ይቆዩና ይሄዳሉ። የንያቦል ካሜራዎች ያን ሁሉ አንስተዋል። አንዳንዶቹ ሥዕሎች ላይ የሚቆሙት እየሳሱ ሲመጡ ይታያል፤ በመጨረሻ ማንም የሌለበት ሥዕል አለ። ንያቦል አሳይታኝ ታውቃለች፤ ሁለተኛ አላየውም ብያታለሁ።

ዳግመኛ ሠራነው። ከመቃብሩ አርቄ፣ መሠረቱን እስከ ጽኑ ሸክላ ቆፍሬ፣ ዋልካውን በስስ ንብርብር እያነጠፍኩ፣ እያንዳንዱን ንብርብር እያረጠብኩ፣ እየጠቀጠቅኩ። ከናይል ወዲህ እንደዚያ ያለ የአፈር ሥራ ያለ አይመስለኝም። ምዜ ዋኒ በየቀኑ እየመጡ ተቀምጠው ያያሉ። አንድ ቀን ጠሩኝ። ጩኸታቸው ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመለሰም።

«ስሞት እዚህ ውስጥ ታስገባኛለህ።»

«የት ውስጥ?»

«ግድቡ ውስጥ። አያቴ አልጠበቀውም፤ እኔ እጠብቀዋለሁ።»

«አይሆንም ምዜ» አልኳቸው። «ሥጋ ይበሰብሳል። ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ ባዶ ቦታ ነዎት።»

አፍጥጠው አዩኝ። ተቆጡ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ጥርሱ በተሸራረፈው አፋቸው ሳቁ።

«ደህና አድርጌ አስተምሬሃለሁ» አሉ።

ግድቡ ሲሞላ እንስሳቱ ተመለሱ። ሰዎቹም ተመለሱ፤ የመጡት ግን ወደዚያው ፈፋ ነው። አፈሩ ለም ነው፣ ከነፋስ ይከልላል። ንያቦል «የተከለከለ፣ አደጋ ነው» የሚል የብረት ሰሌዳ አቆመች፤ ሰሌዳው ለአንዱ በር ሆነ። ሌላ አቆመች፤ ለዶሮ ቤት ጣሪያ ሆነ። «እንደገና ብንለምናቸውስ?» አለችኝ። ለምነናቸዋል። አዲሱን ግድብ እያመሰገኑ፣ «አንተ ሠርተኸው ይፈርሳል?» እያሉ፣ ምሰሶ ይተክላሉ። አይፈርስም፤ ግን የአፈር ግድብ ሥር ማንም አይተኛም።

ምዜ ዋኒ ሲደክሙ ቤታቸው ሄድኩ። እጄን ይዘው ወደ አፋቸው አስጠጉኝ፣ ደንቆሮው እኔ የሆንኩ ይመስል።

«ፈፋው መሃል» አሉኝ። «ጎጆ የሚሠሩበት። እዚያ ላይ ቅበረኝ። በዝናብ አባት የልጅ ልጅ ላይ ቤት የሚሠራ የለም።»

ሲያርፉ ዘመዶቻቸው ተከራከሩ፤ የታመመ ሰው ቃል ነው ተብሎ ጸና። መቃብሩን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ጆሯቸውን፣ አፍንጫቸውንና አፋቸውን ዘመዶቻቸው ደፈኑ፤ እኔ ዞሬ ቆምኩ። አፈሩን ስንመልስ ግን አካፋውን ማንም እንዲነካ አልፈቀድኩም። ጎርፍ የሚያልፍበት ቦታ ነውና ዋልካ አስመጣሁ፤ በስስ ንብርብር አነጠፍኩ፣ አረጠብኩ፣ ጠቀጠቅኩ፣ መልሼ አነጠፍኩ። ጁባ ውስጥ እንደዚያ የተጠቀጠቀ መቃብር የለም። ከላይ የጀበል ድንጋይ ደረደርኩበት።

ሐዘንተኛው ሲበተን አንድ ወጣት ባለትዳር ከሚስቱ ጋር መጣ። ምሰሶና ሣር ተሸክሞ ነበር፤ ቦታ የመረጠው ከዚያው ትይዩ ነው። ድንጋዩን አየ። ኬጂ ከዳር ቆማ አንድ ነገር ነገረችው፤ አልሰማኋትም። ምሰሶውን ሊያወርድ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ የነበረው ልጅ መልሶ ቀና አደረገው፣ ሚስቱን በዓይኑ ጠራትና ሽቅብ ወደ ኮረብታው መውጣት ጀመረ።